ናኖ ቅንጣቱ ጉበት ይደርሳል፤ ዕጢው ውስጥ የሚገባው ግን ስንቱ ነው?

«ጤነኛውን ሴል ሳይነካ የጉበት ካንሰርን ብቻ የሚመታ ናኖ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዞር ማየት ተለምዷል። ቤቱ የጉበት ካንሰር የገባበት ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው የሚሰጠው?» ብሎ ነው። መልሱ ከባድ ነው። በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ (ናኖሜትር) በሚለካ ጥቃቅን ዕቃ፣ ተጭኖ የሚሰጥ፣ የጉበት ካንሰር ታማሚን ዕድሜ ማራዘሙ በትልቅ ሙከራ ተረጋግጦ መደበኛ ሕክምና የሆነ ኬሞቴራፒ እስካሁን የለም። ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ተካሂደው ሦስቱም አልተሳኩም። ያልተሳኩበት ምክንያት ግን ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ዜና ለመመዘንም የሚጠቅመው እሱን ማወቅ ነው።

በ2022 በዓለም ላይ 866 ሺህ ገደማ ሰዎች አዲስ የጉበት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት 759 ሺህ ገደማ ሞተውበታል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው በሽታው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚገኝ ያሳያል። እዚህ የምንነጋገረው ከራሱ ከጉበት ሴል ስለሚነሣው ካንሰር ነው እንጂ ከአንጀት ወይም ከጡት ተነሥቶ ጉበት ላይ ስላረፈው አይደለም። በአገራችን ከመነሻዎቹ ዋነኛው ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚቆየው ሄፓታይተስ ቢ ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ አልኮል እንዲሁም በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይጨመሩበታል።

ሁለት በሽታ በአንድ ጉበት

የጉበት ካንሰርን ከሌሎች የሚለየው ታማሚው ብዙውን ጊዜ ሁለት በሽታ ስላለበት ነው። ከአሥሩ ስምንት ገደማ የሚሆኑት ታማሚዎች ጉበታቸው ካንሰሩ ከመምጣቱ በፊት በሲሮሲስ ተጎድቷል። ለስላሳው ሥጋ በጠባሳ ተተክቶ ደርቋል፤ ደሙም እንደ ልብ አያልፍበትም። ኬሞቴራፒውን ከሰውነት የሚያጣራውና የሚያስወግደው ደግሞ ያው ጉበት ነው።

ዶክሶሩቢሲንን እንውሰድ። በቀይ ቀለሙ የሚታወቀው ይህ መድኃኒት በጉበት ካንሰር ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲሞከር የኖረ ነው። ጉበት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ቢሊሩቢን፣ በታማሚው ላይ ከ1.2 እስከ 3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል፤ ከ3 አልፎ እስከ 5 ከደረሰ ሩቡ ብቻ ይሰጣል። ዓይኑ ቢጫ የሆነው፣ በሽታው የጠናበት ሰው እንግዲህ የሚደርሰው ትንሹ መጠን ነው። በዚያ ላይ በዕድሜ ዘመን የሚወሰደው ድምር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ሲደርስ የልብ ጡንቻ የመድከም አደጋው ከፍ ይላል። የጉበት ካንሰር ሴል በበኩሉ የገባበትን ዶክሶሩቢሲን መልሶ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ በግድግዳው ላይ አለው። መጠኑን እንዳንጨምር ጉበቱና ልቡ አይፈቅዱም፤ በተቀነሰው መጠን ደግሞ ካንሰሩ አይሞትም።

የናኖ ቅንጣት ሐሳብ የመጣው ይህን ማነቆ ለመፍታት ነው። መድኃኒቱ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ቢጓዝ ልብን አይነካም፤ ዕቃው ዕጢው ጋ ሲደርስ ቢከፈት ብዙ መድኃኒት በአንድ ቦታ ይፈስሳል፤ ከነዕቃው ሴሉ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ፓምፑ ላያገኘው ይችላል። ሦስቱም ተስፋዎች ምክንያታዊ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ዕቃ ይፈልጋሉ።

ዕቃው እንዴት ይሠራል

በጣም የሚታወቀው ዕቃ ሊፖዞም ነው። የሴልን ግድግዳ ከሚሠራው ዓይነት ስብ የተበጀ፣ ውስጡ ውኃ የያዘ ከረጢት ነው። ስፋቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀይ የደም ሴል አግድመት ላይ ሰባ ያህሉን መደርደር ይቻላል። በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ናኖ መድኃኒት ዶክሲል ይባላል። በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና በሀዳሳ ሆስፒታል ይሄዝቄል ባሬንሆልዝና አልቤርቶ ጋቢዞን ከሠሩት ሥራ ተነሥቶ በ1995 ለገበያ በቃ። የተፈቀደው ለካፖዚ ሳርኮማ ነበር፤ በኋላ ለእንቁላል ማኩረቻ ካንሰርና ለሌላም ተፈቀደ። ለጉበት ካንሰር ግን አልተፈቀደም።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሦስት ዓይነት ስብ፣ ማለትም ሃይድሮጅን የተጨመረበት የአኩሪ አተር ፎስፎሊፒድ፣ ኮሌስትሮልና ፔግ የተባለ ፀጉር መሰል ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ስብ፣ በ56፣ በ39 እና በ5 ድርሻ ይቀላቀላሉ። ድብልቁ በሙቅ የአሞኒየም ሰልፌት ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ከረጢት ይሠራል፤ መጠኑ ግን የተዘበራረቀ ነው። ስለዚህ ቀዳዳቸው እየጠበበ በሚሄድ ወንፊቶች በግፊት ይጨመቃል፤ የመጨረሻው ቀዳዳ 100 ናኖሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ቀጥሎ ከከረጢቱ ውጭ የቀረው አሞኒየም ሰልፌት ታጥቦ ይወጣል። ውስጥ ያለው ይቀራል።

ዶክሶሩቢሲኑ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ፣ አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ። አሞኒያው ሹልክ ብሎ ሲወጣ ውስጡ አሲድ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ዶክሶሩቢሲን ግድግዳውን አልፎ ይገባል፤ አሲዱ ሙል ይሰጠዋል፤ ሙል የያዘ ደግሞ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ከሰልፌቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ጨው ይረጋል። በዚህ ዘዴ ከተጨመረው መድኃኒት ከ90 በመቶ በላይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ከረጢት ከአሥር ሺህ በላይ ሞለኪውል ይይዛል።

አሁን የሚበላሸውን እንይ። የውጭው ሰልፌት በደንብ ካልታጠበ በውስጥና በውጭ መካከል ልዩነት ስለማይኖር መድኃኒቱ አይገባም። ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በታች ከወረደ የስቡ ግድግዳ ይደርቅና አያሳልፍም። መጠናቸው ካልተመጣጠነ ትልልቆቹን ጣፊያና ጉበት ወዲያው ይለቅሟቸዋል። ምርቱን በሙቀት እንፋሎት ማምከን ስለማይቻል ጀርም የሚወገድለት በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ነው፤ በዝተው የተጣበቁ ከረጢቶች ካሉ ማጣሪያው ይደፈናል። ከበረዷቸው ደግሞ ይፈነዳሉ፤ ለዚህ ነው ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ላይ እንጂ በፍሪዘር የማይቀመጠው። በ2011 ዶክሲልን የሚያመርተው ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም የዓለም ታማሚዎች መድኃኒት አጡ፤ የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 2012 ከህንድ ተመሳሳዩን እንዲገባ እስከ መፍቀድ ደርሷል። በላብራቶሪ በአንድ ማንኪያ የሚሠራን ነገር በሺህ ሊትር መሥራት ሌላ ሙያ ነው። «አዲስ ቅንጣት ሠራን» የሚሉ ጽሑፎች ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለታቸው ያሳዝናል።

ጉበት ይቀበላል፤ ዕጢው ግን ጉበት አይደለም

ቅንጣቱ ደም ውስጥ በገባ በሰከንዶች ውስጥ የደም ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል። ልብሱን ለብሶ በጉበት ሲያልፍ ኩፕፈር የተባሉት የጉበት ጠባቂ ሴሎች ይውጡታል። በሰውነታችን ካሉት እንዲህ ያሉ በላተኛ ሴሎች ከ80 እስከ 90 በመቶው ያሉት ጉበት ውስጥ ነው። ከእነሱ ያመለጠው ደግሞ የጉበት ደም ሥሮች በግድግዳቸው ላይ ባሏቸው 100 ናኖሜትር ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ጉበት ሴሎቹ ይደርሳል። ናኖ ቅንጣትን በብዛት የሚይዝ የሰውነት ክፍል ይባል ከተባለ ጉበት ነው። ለዚህም ነው በ2018 የተፈቀደው ፓቲሲራን የተባለው በስብ ቅንጣት የተጫነ አር ኤን ኤ በጉበት በኩል እንዲህ በደንብ የሠራው፤ ኢላማው ጤናማው የጉበት ሴል ነበርና።

ካንሰሩ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጤናማው ጉበት ከደሙ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ፖርታል ደም መልስ ሲሆን ቀሪው ሩብ የጉበት ደም ቅዳ ድርሻ ነው። ዕጢው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። በክንድ ደም ሥር የተሰጠ ቅንጣት ጉበት ሲደርስ አብዛኛው የሚያልፈው በጤነኛው በኩል ነው ማለት ነው። በሲሮሲስ የደረቀው ክፍል ላይ ደግሞ የደም ሥሮቹ ቀዳዳቸው ይደፈናል። ዕጢው ውስጥም ኩፕፈር ሴሎች ይመናመናሉ። አንድ ሥዕል ላይ «ቅንጣቱ ጉበት ላይ አብርቷል» ተብሎ ሲታይ ያበራው ታማሚው እንዲተርፍለት የሚፈልገው፣ ያለችው ጥቂት ጤነኛ ጉበት ልትሆን ትችላለች።

ይህን በሰው ላይ በግልጽ ያሳየው ፒኬ2 የተባለው መድኃኒት ነው። በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተሞከረው ይህ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲንን ከአንድ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል) ጋር አያይዞ፣ የጉበት ሴል የሚያውቀውን የጋላክቶስ ስኳር እንደ አድራሻ ለጥፎበት ነበር። በ2002 በታተመው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ 31 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ 23ቱ የጉበት ካንሰር ያለባቸው ነበሩ። ከተሰጠው መጠን 17 በመቶ ገደማ በ24 ሰዓት ውስጥ ጉበት ላይ ተገኘ። አድራሻው ሠርቷል። ነገር ግን ከዕጢው ይልቅ ጤነኛው ጉበት የበለጠ ወሰደ፤ ምክንያቱም ካንሰር ሲሆን ሴሉ ያንን የስኳር መቀበያ እየጣለ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ዕጢው ያገኘው መጠን ተራው ዶክሶሩቢሲን ቢሰጥ ከሚያገኘው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ተገምቷል። ከሁሉም የናኖ ሙከራዎች ይልቅ ይህኛው የሚገባውን ያህል አለመገፋቱ የሚያስቆጭ ነው።

«ዕጢ ደም ሥሩ ስለሚያፈስ ቅንጣቱ በራሱ ይጠራቀማል» የሚለው ክርክርስ? ይህን በ1986 ያስተዋወቁት በጃፓን ኩማሞቶ ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማኤዳ ናቸው፤ በአይጥ ላይ እውነት ነው። በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጽሑፎችን ሰብስበው ሲያሰሉ ግን ከተወጋው ቅንጣት ዕጢው ውስጥ የሚገባው መካከለኛው መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቁጥር እናስቀምጠው። የሰውነቱ ስፋት 1.7 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው በካሬ ሜትር 50 ሚሊግራም ቢታዘዝ 85 ሚሊግራም ይሰጠዋል። የዚያ 0.7 በመቶ 0.6 ሚሊግራም ነው። ይህም የተለካው በአይጥ ነው። ሃያ ግራም የምትመዝን አይጥ ግማሽ ግራም ዕጢ ከያዘች ዕጢው የክብደቷ 2.5 በመቶ ነው፤ 60 ኪሎ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ዕጢ እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍና ገና ትናንት የበቀለ ዕጢ ደም ሥሩ ቢያፈስ አይገርምም። በሰው ጉበት ውስጥ በዓመታት ያደገው ዕጢ እንደዚያ አይደለም፤ ከሰው ሰውም ይለያያል።

ሦስቱ ትልልቅ ሙከራዎች

ሊቫታግ የፈረንሳይ ሥራ ነው። ዶክሶሩቢሲን ፖሊአልኪልሳያኖአክሪሌት ከተባለ ፖሊመር በተሠራ ቅንጣት ተጭኖ የተሠራ ሲሆን ዓላማው ያንን አስወጪ ፓምፕ ማምለጥ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ሙከራ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) በጉበት ደም ቅዳ ውስጥ ተሰጠ። በ2008 ከባድ የሳንባ ጉዳት በመታየቱ ሙከራው ተቋረጠ። ተሳታፊዎቹ 28 ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ሲቆጠር ግን መድኃኒቱን የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 32 ወር፣ የሌሎቹ 15 ወር ሆነ። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አስደሰተ። ሳንባውን ለመከላከል አሰጣጡ ወደ ክንድ ደም ሥር ተቀየረ፤ በስድስት ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብ ተደረገ። ቀጥሎ 397 ሰዎች በካሬ ሜትር በ20 እና በ30 ሚሊግራም መጠን ተፈተኑበት፤ እነሱም የጉበት ካንሰር ኪኒን የሆነው ሶራፌኒብ ያልሠራላቸው ወይም ያልተስማማቸው ነበሩ። በ2017 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱን የወሰዱት 9.1 ወር፣ ሌላ ሕክምና የወሰዱት 9.0 ወር ኖሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ናኖ አይሠራም» ብለው አለፉ። እኛ የምናየው ሌላ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል መንገዱ ተቀየረ፣ ፍጥነቱ ተቀየረ፣ ታማሚዎቹም በሽታቸው የገፋ ሆኑ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ የ28 ሰው ውጤት ይደገማል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነበር። በደም ቅዳ በኩል ዕጢው ጋ በቀጥታ ይሄድ የነበረው መድኃኒት በክንድ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚገጥሙት እነዚያው ኩፕፈር ሴሎች ናቸው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሙከራ የተካሄዱት በቴርሞዶክስ ላይ ነው፤ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ኒድሃም የነደፈው ሊፖዞም ነው። ሐሳቡ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን፤ ዕጢው ያፈስሳል ብሎ አይጠብቅምና። ግድግዳው ከ39.5 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይሸነቆርና ዶክሶሩቢሲኑን በሰከንዶች ውስጥ እዚያው ደም ሥሩ ውስጥ ይለቃል፤ ትንሹ ሞለኪውል ከዚያ በራሱ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ሙቀቱ የሚመጣው ዕጢን በመርፌ በሬዲዮ ሞገድ ከማቃጠል ነው። መርፌው አጠገብ ያለው ሥጋ ተቃጥሎ ይሞታል፤ ዳር ላይ ያለው ግን ለብ ብሎ ይተርፋል፤ ካንሰሩ የሚመለሰውም ከዚያ ዳር ነው። ቴርሞዶክስ የሚከፈተውም እዚያው ነው።

ሂት የተባለው ሙከራ 701 ሰዎችን አሳተፈ። በካሬ ሜትር 50 ሚሊግራም በግማሽ ሰዓት ይንጠባጠባል፤ መንጠባጠቡ ከተጀመረ 15 ደቂቃ በኋላ ማቃጠሉ ይጀመራል። በጥር 2013 የተነገረው ውጤት በሽታው እስኪመለስ ባለው ጊዜ ላይ ምንም ልዩነት አላሳየም። ችግሩ የማቃጠሉ ጊዜ ላይ ነበር፤ እንደ ሐኪሙና እንደ መሣሪያው ይለያያል። ከረጢት የያዘ ደም እየዞረ በሞቀው ቦታ ደጋግሞ እንዲያልፍ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ በ12 ደቂቃ ቢያበቃ አብዛኛው ከረጢት ሳይከፈት ያልፋል። ከ3 ሚሊሜትር የሚሰፋ ደም ሥር አጠገቡ ካለ ደግሞ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በኋላ ሲመረመር አንድ ዕጢ ብቻ ኖሯቸው 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተቃጠለላቸው 285 ሰዎች ላይ መድኃኒቱ የሞትን አደጋ በ37 በመቶ የቀነሰ መሰለ። ይህን ለማረጋገጥ 556 ሰዎችን ያሳተፈው ኦፕቲማ ተጀመረ፤ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማቃጠልም ግዴታ ሆነ። በ2020 ገለልተኛው ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ጥቅም የማሳየት ዕድሉ የመነመነ መሆኑን ገልጾ ሙከራውን ማቆም እንዲታሰብበት መከረ።

ውጤት ከታወቀ በኋላ ከመረጃው ውስጥ ተመርጦ የወጣ ቡድን እንዲህ ያሳስታል። ረጅም የተቃጠለላቸውን ከአጭሩ የሚለያቸው ደቂቃው ብቻ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶች ወደፊት ሄዱ። በ2007 የተፈቀደው ሶራፌኒብ ታማሚዎች በሕይወት የሚቆዩበትን መካከለኛ ጊዜ ከ7.9 ወር ወደ 10.7 አድርሶ ነበር። በ2020 የተፈቀደው የአቴዞሊዙማብና የቤቫሲዙማብ ጥምረት ደግሞ ከሶራፌኒብ 13.4 ወር ጋር ሲነጻጸር 19.2 ወር አስገኘ። ዛሬ የሚመጣ ናኖ ኬሞቴራፒ መወዳደር ያለበት ከእነዚህ ጋር ነው።

አልጋው አጠገብ

ብዙ ጊዜ ከናኖ ጋር የሚምታታ አንድ ሕክምና አለ። ኬሞኢምቦላይዜሽን ይባላል፤ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ካቴተር ገብቶ ዕጢውን በሚመግበው ደም ቅዳ ከ50 እስከ 75 ሚሊግራም ዶክሶሩቢሲን ይለቀቅና ደም ሥሩ ይዘጋል። አንዳንዴ መድኃኒቱ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር በሆኑ እንክብሎች ተጭኖ ይሰጣል። እነዚህ ከሊፖዞም በሺህ እጥፍ የሚበልጡ ናቸው፤ ሥራቸው ደም ሥር መዝጋት እንጂ ሴል ውስጥ መግባት አይደለም። ጃፓን በ1993 ለጉበት ካንሰር የፈቀደችው ስማንክስ የተባለው የማኤዳ መድኃኒትም የሚሰጠው በዚሁ በደም ቅዳ፣ ከሊፒዮዶል ዘይት ጋር ነበር። የሚያስተምረውም ይህ ነው፦ ከአድራሻው ይልቅ መንገዱ ወስኗል።

ከውጭ አገር በዘመድ በኩል መድኃኒት ማስመጣት ለተለመደብን ለእኛ አንድ ነገር ጠበቅ ማለት አለበት። ሊፖዞም ዶክሶሩቢሲንና ተራው ዶክሶሩቢሲን ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሚሊግራም በሚሊግራም ግን አይተካኩም፤ እንደዚህ ተቀይረው የተሰጡበት ሰው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ዶክሲል የሚበጠበጠው በ5 በመቶ ግሉኮስ ብቻ ነው፤ እስከ 90 ሚሊግራም በ250 ሚሊሊትር። በጨው ውኃ አይበጠበጥም፤ መስመሩ ላይ ማጣሪያ አይደረግበትም። በደቂቃ በ1 ሚሊግራም ፍጥነት ይጀመራል። መጀመሪያ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ፊት ሊቀላ፣ ደረት ሊጨነቅ፣ ወገብ ሊያም፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ሰውነት ቅንጣቱን እንደ ጀርም አይቶ ስለሚቆጣ ነው። ወዲያው ይቆማል፤ ከተሻለው በኋላ በዝግታ ሊቀጥል ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ መዳፍና የእግር ውስጥ ይቀላሉ፣ ይላጣሉ። በቢሊሩቢን መጠን መቀነሱ እዚህም አይቀርም። ከመርከብና ከሻንጣ ጉዞ የወጣ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ እንደነበር የማይታወቅ ብልቃጥ ውስጡ ከረጢት ይኑረው ወይስ የፈሰሰ መድኃኒት፣ በዓይን አይለይም።

በአገር ቤት ሊደረግ የሚችለው ትልቁ ነገር ከናኖ ርቆ ያለ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ሳይመረመር ቫይረሱን ይዞ ሊኖር ይችላል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም በ2015 ሲጀመር በአንድ ኪኒን ቫይረሱን ማፈን እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ቢነሣ ዕጢው በመርፌ ሊቃጠል ወይም በቀዶ ጥገና ሊወጣ በሚችልበት መጠን ይገኛል።

ወደ ናኖው ስንመለስ፣ ተስፋ ያለው ሥራ አለ ከተባለ በኦክስፎርድ በ2018 የታተመው ነው። ያንኑ ቴርሞዶክስ ለአሥር የጉበት ዕጢ ታማሚዎች ሰጡ፤ ያለመርፌ፣ ከውጭ በተሰበሰበ አልትራሳውንድ አንድ ዕጢ ለብ አደረጉ። ከዚያም ሌሎቹ ያላደረጉትን አደረጉ፦ ከዕጢው ናሙና ቆርጠው መድኃኒቱን መዘኑት። ከማሞቃቸው በፊት በአንድ ግራም ሥጋ 2.34 ማይክሮግራም ገደማ ይገኝ የነበረው ካሞቁት በኋላ 8.56 ሆነ። ከአሥሩ በሰባቱ የታለመው ደረጃ ተደርሷል። ዕድሜ ያራዝም እንደሆን በአሥር ሰው አይታወቅም፤ አብዛኞቹም የተዛመተ ካንሰር እንጂ ከጉበት የተነሣ አልነበረባቸውም። ነገር ግን ከ1,600 በላይ ሰዎች በሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ውስጥ ካለፉ በኋላም በእያንዳንዳቸው ዕጢ ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንደገባ የሚናገር ቁጥር አልነበረንም፤ አሁን ቢያንስ አሥር አለን። የሚቀጥለው ትልቅ ሙከራ በሲሮሲስ በደረቀ ጉበት ውስጥ በበቀለ ዕጢ ላይ ይህንኑ ሚዛን መጀመሪያ ማውጣት አለበት፤ ከሺህ ሰው ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት።